ተሸክመው ያመጧቸው እናት

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት፣ ሕመምን በእንቅስቃሴ የማክም ባለሙያ፣ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አለምነሽ ፍራሹን፣ የመራመጃውን ብረትና አንድ ጠንካራ ወንበር አሳዩኝ። «ታካሚዎቹ መርፌው የት አለ ይሉሃል፤ እንዳትቆጣ» አሉኝ። እውነትም ከማንኩሳ የመጣች የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ጉልበቷን ሳሳጥፋትና ሳስዘረጋት ቆይታ «ለዚህ ነው መኪና የተሳፈርሁ?» አለችኝ። ሳቄን ዋጥሁ።

ቁርጥማት የያዘውን ሰው ማስተማር ቀስ በቀስ ለመድሁ። ከዘራ በደህናው እግር በኩል ይያዛል። ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል። ሲብስ አረፍ ማለት ደግ ነው፤ ተኝቶ መክረም ግን እግር ያሰንፋል።

አንድ ቀን ከቡሬ ሁለት ወንድማማቾች እናታቸውን ተሸክመው መጡ። እማማ ዘይነባ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ልጆቹ ሱቁን ተረክበው እሳቸውን ቤት አስቀምጠዋቸዋል።

«ልጄ፣ ሱቄ መመለስ እፈልጋለሁ። ጣራ ሳይ ልሙት እንዴ?» አሉኝ።

እንደ ደንባችን አስታማሚዎቹ ውጭ ቆዩ። ለእማማ ዘይነባ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን አሳየኋቸው፤ ቤትም እንዲሠሩት ነግሬ ሸኘኋቸው። በቀጠሯቸው ሲመለሱ ጭራሽ ብሶባቸዋል።

«አልሠሩም?» አልኋቸው፣ ልጆቹ ተሸክመው ሲያስገቧቸው።

«ሊነሡ ሲሉ እኛ እናነሣቸዋለን» አለ ታላቁ ልጅ ሰይድ፣ ኮራ ብሎ። «እኛ እያለን ምን በወጣቸው?»

ተናደድሁ። ግን እናቱን በሚወድ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? ደንቡን ትቼ ሰይድን ራሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁት።

«እጅህን ደረትህ ላይ አጣምርና ቀስ ብለህ ተነሥ፤ ቀስ ብለህ ተቀመጥ።»

ደጋግሞ ሲሠራው ጭኑ ተንቀጠቀጠ። «ጉልበትን የሚደግፈው ይኸ ጡንቻ ነው» አልሁት። «እናንተ ባነሣችኋቸው ቁጥር የእሳቸው ጡንቻ ሥራ ይፈታል።»

ሰይድ ተነሥቶ እናቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። «ገበያ ተቀምጠው ሲሸጡ ያየ ሰው፣ ልጆቿ ጣሏት አይለንም?» አለ። ለካ የፈራው ይህን ነው።

እናቱ እጁን ያዙት። «ስትጦሩኝ ከረማችሁ፤ አላህ ይስጣችሁ። አሁን እግሬን መልሱልኝ።»

ሰይድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። እማማ ዘይነባ ወንበሩን ተደግፈው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ተነሡ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ከወራት በኋላ ቡሬ ሄጄ ሱቃቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ዛሬም በብርድ ያማቸዋል። በርበሬ ሊመዝኑልኝ ብድግ ሲሉ ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። ሰይድ ክንዴን ያዘኝ።

«ተዋቸው» አለኝ።

ለአዳዲስ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፤ ታማሚውን ስታስተምሩ አስታማሚውንም አስገቡት።