መጀመሪያ በራሴ ዓይን

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን፣ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም ሳይደርቅ፣ ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ወረፋ ለሚጠብቁት የጤና ትምህርት እሰጣለሁ። ኃላፊያችን ስለ ወባ ብቻ ተናገሪና ተቀመጪ ይለኛል። እኔ ግን ሰው ሰውነቱ ውስጥ የሚገባውን ነገር ማወቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ዛሬም ያው ነኝ።

አንድ ቀን የዓይን ማደንዘዣ ጠብታን ታሪክ ከሥሩ ጀመርኩላቸው። የደቡብ አሜሪካ ተራራ ሰዎች ረሃብና ድካም ሲጠናባቸው የኮካ ቅጠል ያኝኩ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከቅጠሉ ኮኬይን አወጡ፤ ዓይን ላይ ጠብ ሲያደርጉት ሕመም ጠፋ፤ ጉድ ተባለና ወይን ውስጥ ሳይቀር ጨመሩት። መዘዙ በኋላ መጣ። ኮኬይን አንጎል ውስጥ የደስታን መልእክት የሚያደርሰው ቅመም ወደ መጣበት እንዳይመለስ ይዘጋበታል፤ ደስታው እዚያው ይጠራቀማል። ሰውየው ይፈነጥዛል፤ ሲለምደው ግን የልጁ ሳቅ እንኳ ደስ አያሰኘውም። ስለዚህ ሐኪሞች ሱስ የማያስይዝ ምትክ ሠሩ፤ የኛ ጠብታ እሱ ነው አልኩ።

ከወሎ በሰፈራ የመጡ አንዲት እናት ስለ ምትኩ ያልኩትን ትተው ኮኬይን የሚለውን ብቻ ይዘው ቀሩ። የማሽላ ገለባ ብሌናቸው ላይ ተሰክቷል፤ ካልወጣ ዓይናቸው መጥፋቱ ነው። ጠብታውን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

"አእምሮ የሚነሳ ነገር ዓይኔ አይገባም።"

ኃላፊው ወደ ጥግ ወሰደኝ። ባትለፈልፊ ኖሮ ዝም ብለው ይታከሙ ነበር፤ አሁንም የጨው ውሃ ነው በያቸውና ገላግይን አለኝ። ደሜ ፈላ። ጥዬው ተመለስኩ።

"ልጄ፣ በኛ ዘንድ መጠጥ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል" አሉኝ ሴትዮዋ።

እውነታቸውን ነው። አንጋጥጬ ገዛ ዓይኔ ላይ ጠብ አደረግኩት። ደንዘዝ ሲል በንጹሕ ጥጥ ነካሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። ኃላፊው አብደሻል እንዴ እያለ ደረሰ። እኔም ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ! ዋሺ ያልከኝ አንተ፣ እብድ የምትለኝም አንተ እያልኩ አፌ እንዳመጣ ለቀቅሁበት። ሴትዮዋ ሁለታችንንም ሲያዳምጡ ቆዩና፣ አእምሮዋስ ደህና ነው፣ አንድ ነገር አልጠፋትም ብለው ጋደም አሉ።

ገለባው ወጣ። ቀና ብለው ተቀመጡ፤ እንባቸውን ጠርገው ኃላፊውን በሁለት ዓይናቸው ትክ ብለው አዩት።

"ዋሺ ያለሽ ይሄ ነው?" አሉኝ።