ሳልጠይቅ የቀረበልኝ ቀለም

የበደለኝ ደረቱ ላይ የዩኒቨርሲቲ ዓርማ የሰካ ጸሐፊ ነው፤ የተበደልኩት እኔ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠርኩ ሴት።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ጸዳለ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። እሪ በከንቱ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አንዲት አሮጊት አርፍዳ ብትገባ እንኳ ከወንበሯ ተነሥታ ታስቀምጣት ነበር። «የምማረው በእናንተ ግብር ነው፤ እናንተ ቆማችሁ እንዴት እቀመጣለሁ?» ትላለች። ከተመረቀች በኋላ ሥራ ተመድባ ሄደች። ይኸው ስንት ክረምት፣ አንድ መጽሐፍ በጨረስኩ ቁጥር የምነግራት እሷን አጣለሁ።

የተመደበችበትን አገር ልጠይቅ ማመልከቻ በእጄ ጽፌ ተመራቂዎችን ሥራ ወደሚመድበው የፒያሳ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነቃነቅ አነበበው።

«ማን ጻፈልዎት፣ እማማ? ጽሕፈቱ ያምራል» አለና ነጠላዬን አይቶ የአሻራ ቀለሙን ገፋልኝ። «በሉ፣ አውራ ጣትዎን።»

ቀለሙን መልሼ ገፋሁለት፤ ብዕሩን ከፊቱ አንሥቼ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምኩ። ፊርማዬን አየ፣ እኔን አየ።

«አድራሻ የምንሰጠው ለዘመድ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለመሆኑ ምኗ ነዎት?»

«ቆማ ያስተማረችኝ ተማሪዋ ነኝ። አንተን ግን፣ ልጄ፣ ተቀምጠው ሳያስተምሩህ አይቀሩም።»