ተጠርጣሪው ሙሽራ

ገመቹ ቤቴል ታክሲ ተራ ላይ ወረፋ ሲያስከብር ዓመታት አልፈውታል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰው ገድሎ አያውቅም። ረዳት ሰድቦ ይሆናል፤ እሱን ያላደረገ ደግሞ ማን አለ?

ጥፋቱ አንድ ናት፤ እሁድ እሁድ በሚተላለፈው የወንጀል ድራማ ላይ ታየ። የቀጠረው የለም። የድራማው ባለፋርማሲ ገጸ ባሕርይ ከታክሲ ስትወርድ ሲቀረጽ እሱ ሥራው ላይ ነበር፤ ከኋላዋ ቆሞ ሰዓቱን አየ። በሚቀጥለው ክፍል ባለፋርማሲዋ ሞታ ተገኘች። ገዳይዋ በድራማው ውስጥ አልታወቀም። ቴሌግራም ላይ ባለው የድራማው ተመልካቾች ቡድን ግን ወዲያው ታወቀ። ምስሉን አጉልተው ቀይ ክብ አሰመሩበትና "ሰዓት የሚያየው ሰውዬ" አሉት። አንዷማ፣ "መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ሲያያት እሱ ለምን አላያትም?" ብላ ጻፈች። ሚኒባሱ ሞልቶ ስላልወጣ ነዋ፤ ግን እንዲህ ያለ ተራ ምክንያት ማን ይሰማል?

የዚህ ታላቅ ግኝት ባለቤት ጋሽ ዘርዓብሩክ ናቸው፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቀለም የሚሸጡ የተከበሩ ነጋዴ፣ በቡድኑ ውስጥ ደግሞ "ዋና መርማሪ"። ልጃቸው ራኬብ፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ ገመቹ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ ናት።

እኛ የገመቹ ወዳጆች ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ጋሽ ዘርዓብሩክ የገመቹን ፎቶ ከስልኬ ላይ ሲያዩ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። ከዚያ እንደ ወጉ፣ "የልጁን ነገር አጣርተን እናሳውቃችኋለን" አሉ። እኛ ዘሩንና ጠባዩን የሚያጣሩ መስሎን ነበር። እሳቸው ቡድኑን ጠየቁ።

በቀጠሯችን ስንመለስ፣ "ጉዳዩ ላልተዘጋ ሰው ልጄን አልሰጥም" አሉን።

"ኧረ ጋሼ፣ ድራማ እኮ ነው" አላቸው አብሮን የመጣው ገብረማርያም።

"ድራማ መሆኑንማ መች አጣሁት። በድራማው ውስጥ ገዳይ ነው አይደለም? የጠየቅሁት እሱን ነው።"

"ተዋናይ አይደለም፤ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።"

"ገዳይ መቼ ነው አውቃለሁ ብሎ የሚያውቀው?"

ራኬብ ይህን ስትሰማ ለገመቹ ደወለችለት። "አንተ ሰውዬ፣ እውነት እየተናገርክ እንዴት አድርገህ ልታገባኝ ነው?" አለችው።

በሦስተኛው ጉዞ ገመቹ ራሱ አብሮን መጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ "አባባ፣ የማውቀው ነገር አለ። ግን ለባዕድ ላልናገር ፈርሜያለሁ። ለቤተሰብ ቢሆን ኖሮ..." አለ።

ያ ሁሉ ልመና ያላመጣው እሺታ የቀረበልን ለስላሳ ሳይከፈት ተገኘ። "ለሠርግ መዘጋጃ ዓመት ያስፈልጋል" የሚሉት ጋሽ ዘርዓብሩክ በወሩ ካልሆነ ብለው ድርቅ አሉ።

የመልሱ ዕለት፣ ሰው በጭፈራ ሲጠመድ፣ ሙሽራውን ክንዱን ይዘው ከምግቡ ጠረጴዛ ኋላ ወሰዱት። እኔ ሳህን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ፤ አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል።

"እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ቤተሰብ ነን። ማነው?"

ገመቹ ራኬብን ፈለጋት። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ ዐይኗን ከሁለቱ ላይ አልነቀለችም።

"እርስዎ ካሉት አልወጣም፣ አባባ" አለ። "እኔ ነኝ የገደልኳት።"

የጋሽ ዘርዓብሩክ ዐይን እንባ አቀረረ። አማቻቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ግንባሩን ሳሙት። "ድሮውንም የጨዋ ልጅ መሆንህ ገብቶኝ ነበር" አሉት።