ቀንድ ያለው ፈረስ

አባቴ ከሞተ በኋላ የእንጨት ሳጥኑን ስከፍት የምስጥ መድኃኒትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ሰነፈጠኝ፤ ከታች፣ በሸራ ከተጠቀለለው የሰንጠረዥ ገበታ መካከል፣ ጓደኛዬ ኦጁሉ ከማንጎ እንጨት የጠረበው ፈረስ ወጣ። ቀንድ አለው። ኦጁሉ የጋምቤላ ልጅ ነውና በዕድሜው ፈረስ አይቶ አያውቅም ነበር፤ አባቴ ፈረስ ቀንድ የለውም ቢለው፣ ታዲያ በምን ይዋጋል ብሎ አፋጠጠው።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ልብስ አጣቢዎቹ ሲጨቃጨቁ እየሰማን፣ በማንጎው ጥላ ሥር የአያቶቹን ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን የጥንት ቼዝ፣ አስተማረን። በዚያ ጨዋታ መክፈቻው ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ እጅ ለእጅ እየተጋጩ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ያኔ የኦጁሉ እጅ ከዓይን ይፈጥን ነበር፤ እኔ ሦስት ወታደር ሳላንቀሳቅስ እሱ ከበባውን ጨርሶ ይስቅብኛል። አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን የቼዝ ውድድር መጣ፤ አሸናፊው አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል ተባለ። ለፍጻሜ የደረስነው እኔና እሱ ነን። ዳኛው አስቀድሞ፣ ያለ ተራው ያንቀሳቀሰ ተሸናፊ ነው ብሎ አስጠንቅቆናል። ኦጁሉ ነጭ ደርሶት የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ፤ እኔ መልሴን ሳስብ፣ እጁ ለምዶበት ፈረሱንም አወጣ። ዳኛው ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዳኛውን ለመጥራት እጄን አነሳሁ።

ኦጁሉ አልተቆጣኝም። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ፣ «ስትመጣ በጋሼ ሰንጠረዥ እንገጥማለን፤ እዚያ ተራ የለም» አለኝ።

አዲስ አበባ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፌ ሕንፃ እያየሁ ስዞር ጋምቤላ ተረበሸ። ኦጁሉን ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ጥይት አግኝቶ ገደለው፤ ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ስመለስ እናቱ ታናናሾቹን ይዛ ወደ ፑኝዶ ከተማ ሄዳለች፤ አባቴም ገበታውን በሸራ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከቶታል። እጄን ማንሳቴን ያውቅ ነበር፤ ዳግመኛ ከእኔ ጋር አልተጫወተም።

ልጄ ፈረሱን እያገላበጠች ለምን ቀንድ እንዳለው ጠየቀችኝ። የሠራው ልጅ ፈረስ አይቶ አያውቅም ነበር አልኳት፤ ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። የቀረውን አልነገርኳትም። እጄን ባላነሳ ኖሮ አውቶቡስ የሚሳፈረው እሱ ነበር፤ ያን ቀን ከትምህርት ቤት የምመለሰው እኔ።