የሰዓዳ መኪና የተነፈሰች ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ መጠገኛችን በር ላይ ቆመች። ልጄ ሮጣ መጥታ "እማ፣ የምትነዳው ሴት ናት" አለችኝ። ጠይቄያት አልነበረም፤ ልማዴን አውቃው ነው። ተነስቼ አየሁ። የማላውቃት፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴትዮ ነበረች። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዛሬ እንዲህ ያሉ መኪኖች በከተማችን በሐይቅ በኩል ሲያልፉ ዞሮ የሚያይ የለም። እኔ ግን የመጀመሪያዋን አልረሳትም።

ያኔ ከሙሄ ጋር ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ ይህችው ልጄ በሆዴ ነበረች። ጦርነቱ ከከተማችን ቢወጣም ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። ከመሸ መኪና አይንቀሳቀስም፤ አንዳንድ ቀን ከገጠሩ ተኩስ ይሰማል። እኔ ደግሞ ድሮም ፈሪ ነኝ። ሙሄ ለሥራ ከከተማ ከወጣ እስኪመለስ ደጅ ደጁን ሳይ እውላለሁ።

የማሽላ እሸት የደረሰበት ሰሞን ነበር። በራችን ላይ እሸት እየጠበስኩ ሳለ የሙሄ ስልክ ጮኸ። "እሺ" አለ። እየተነሳ "እሺ፣ እመጣለሁ" አለ።

"ማን ነው?"

"ደንበኛ።"

"የት?"

"ወደ ውጫሌ መንገድ ላይ። ጎማ ተንፍሶ።"

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ዕቃውን ሊጭንለት የመጣው ባለባጃጅ ጎረቤታችን ግን አፉ አያርፍም። "አንተ ሙሄ፣ የድሮ እጮኛህ ናት እኮ! ቤንዚን የማትጠጣ መኪና ይዛ መጥታለች። አሁን በዚያ ሳልፍ ሰው ሁሉ ከቧት ነበር" አለና ሳቀ።

ሰዓዳን አይቻት አላውቅም ነበር። ታሪኳን ግን አገር ያውቀዋል። ለሙሄ ታጭታ፣ ሽማግሌ ሄዶ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል ዓረብ አገር ሄደች። ጠበቃት፣ ጠበቃት፤ ሲደክመው እኔን አገባ።

"እኔም እመጣለሁ" አልኩ።

"በዚህ ሆድሽ? በባጃጅ?"

"አክስቴን ልጠይቅ ነው።" በዚያ መንገድ አክስት የለኝም። ሙሄም ያውቃል፤ ዕቃውን መጫኑን ቀጠለ። ባለባጃጁ ግን "ፋጤ፣ ጎማውን ነው ሰውዬውን የምትጠብቂው?" አለኝ።

እሸቱን በሻሽ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሐይቁ ከኋላችን ራቀ፤ ግራ ቀኙ ራሱን የደፋ ማሽላ ነው። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ሆዴን በሁለት እጄ እይዛለሁ። በጦርነቱ የተቃጠለውን የጭነት መኪና እንዳለፍን ነጯን መኪና አየናት። ሰዓዳ ጥቁር አባያ ለብሳ ጥላ ሥር ቆማለች። ቆንጆ ናት ይሉኝ ነበር። ዋሽተውኛል፤ ከተባለው በላይ ነበረች።

"ፋጤ አንቺ ነሽ? ማሻ አላህ! አላህ በሰላም ይገላግልሽ" ብላ አቀፈችኝ። ምርቃቷም አናደደኝ። አፏ ባይጣፍጥ ኖሮ ለመጥላት አልቸገርም ነበር።

ሙሄ ዓይኑን ከጎማው ላይ አላነሳም። "መቀየሪያ ጎማሽን አውጪው" አላት።

"የላትም። ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው ያላት።"

"ይህን ሁሉ መኪና ሠርተው አንድ ጎማ ነፈጉሽ?" አለ ባለባጃጁ።

ሙሄ ክሪኩን እንደልማዱ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ሊያስገባ ሲል ሰዓዳ ጮኸች፤ "እዚያ አይደለም! ባትሪው ነው!" የእጁን አንጓ ያዘችው። ወዲያው ለቀቀችው፤ እኔ ግን አየሁ። ቦታውን አሳየችውና መኪናዋን አነሳት። በመንፊያዋ ነፋነው። ጎማው ሞልቶ እንደገና መቀነስ ጀመረ፤ ቀዳዳው ግን አይታይም። ውሃ ይዘን አልመጣንም።

እኛ ቤት ውሃ በሌለበት ቀዳዳ የሚፈለገው በጉንጭ ነው። ጉንጭን በምራቅ አርሶ ጎማው ላይ ማስጠጋት ነው፤ የሚቀዘቅዝሽ ቦታ ላይ ቀዳዳው አለ። በተጋባን ሰሞን ሙሄ ራሴን በመዳፉ ይዞ፣ እየሳቀ ነው ያስተማረኝ። "የእኔን ፀሐይ አድርቆታል፤ ያንቺ ይሻላል" ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የሁለታችን ብቻ አድርጌ ይዤው ነበር።

ሆዴን ደግፌ ልንበረከክ ስል ሰዓዳ ቀደመችኝ። ጣቷን በምራቅ ነክራ ጉንጯን አራሰች፤ በዚያ አባያዋ አፈር ላይ ተንበርክካ ጎማውን በቀስታ እያዞረች ጉንጯን አስጠጋች። ማንም ሳያሳያት።

"እዚህ ጋ ነው" አለች።

ሙሄ እሷን አላያትም፤ ወደ እኔ ዞረ። "ፋጤ፣ እስቲ አንቺ እይው።"

ጉንጬን አስጠጋሁ። እሷ ያለችው ቦታ ላይ ቀዘቀዘኝ። "አይደለም" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ፀሐይዋ ወደ አምባሰል ተራራ እየወረደች ነው፤ ቢመሽብን ሁላችንም መንገድ ላይ ቀረን። "እሷ ያለችው ነው" አልኩ።

ሙሄ ቀዳዳውን ሲደፍን ሁለታችን ጥላ ሥር ተቀመጥን። እሸቱን አካፈልኳት፤ ያረረውን በእሷ በኩል አደረግሁ። "ወላሂ፣ ስንት ዓመት ናፍቆኝ" እያለች ያረረውንም በላችው። ቀጥላ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

"ፋጤ፣ አትቀየሚኝ። ስለ እኔ ምን ይላል?"

አሁን አገኘኋት አልኩ። "አንድም ቀን ስምሽን ጠርቶ አያውቅም።"

"አንድም ቀን?"

"ወላሂ፣ አንድም ቀን።"

እውነቴን ነበር። እንድታፍር ጠበቅሁ። ፊቷ ግን በራ። እጄን ጨበጥ አድርጋ "ጀዛኪላህ፣ አላህ ይክፈልሽ" አለችኝና ተነሳች። ሳይመሽ ደሴ ልትገባ ነዳች፤ መኪናዋ ስትሄድ ድምፅ እንኳ አልነበራትም።

ምን እንደሰጠኋት የገባኝ በባጃጁ ስንመለስ ነው። ሙሄ የሰው ሁሉ ስም ያነሳል። የከዱትን ጓደኞቹን፣ የተጣላቸውን ዘመዶቹን እየሳቀ ያወራል። የእሷን ብቻ ነው የማያነሳው። የረሳ ሰው ደግሞ ስም አይፈራም።

ሰዓዳ አግብታ ወለደች ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛም ልጆች ጨመርን። ሙሄ ጥሩ ባል ነው፤ ካልበላሁ አይበላም፣ ካመመኝ አይተኛም። ያን ስም ግን እስከ ዛሬ ከአፉ አልሰማሁም። አንዳንድ ቀን ምሳ ስንበላ እኔው ልጠራውና ልገላገል አፌን እከፍታለሁ። ያን ጊዜ ፊቱ ምን እንደሚሆን አስባለሁ።

"ወጥ ልጨምርልህ?" እለዋለሁ።