አምስተኛው ጥቅል

አምቦ ከተማ አዳራሽ ረዳት የፊልም ኦፕሬተር ሆኜ የገባሁ ዕለት ዋናው ኦፕሬተር ኦቦ ቶሌራ መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። "ታጠብ" አሉኝ። ከዚያ ፊልሙን በጠርዙ ይዤ ማሽኑ ላይ እንዴት እንደምሰካ አሳዩኝ። ስቸኩል "ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በል፤ ቢበጠስ የምንቀጥለው እኛው ነን" ይሉኝ ነበር።

ማሽናችን አንድ ብቻ ነበር። አንዱ የፊልም ጥቅል ሲያልቅ መብራት እናበራለን፤ ሌላውን እስክንሰካ ተመልካቹ ቆሎውን እየበላ ያወራል። በደርግ ጊዜ የሚላክልን አብዛኛው የጦርነት ፊልም ስለነበር ሰዉ ታንክ ማየት ሰልችቶት ነበር።

ኦቦ ቶሌራ ጡረታ ወጥተው ማሽኑ በእኔ እጅ ከገባ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አንድ ለየት ያለ ፊልም መጣ። በካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት የሚማሩ የአራት ሴት ጓደኛሞች ታሪክ ነው። አጥር ይዘላሉ፣ ሲጋራ ይሞክራሉ፣ ኃላፊዋን መነኩሲት ያስለቅሳሉ። ካድሬው ጓድ መርዕድ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። "ይኼማ ለሚሲዮኑ ልጆች ነው የሚታየው!" አለ። በከተማው ዳር የካቶሊክ እህቶች የሚያስተምሩበት የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር።

እንደ ደንቡ ፊልሙን ቀድሜ ስሞክር ጓድ መርዕድ አብሮኝ አየ። በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ጥቅል፣ ልጆቹ ሊባረሩ ሲሉ ያቺው መነኩሲት አለቆቿ ፊት ቆማ ትሟገትላቸዋለች። የጓድ መርዕድ ፊት ተለወጠ።

"ይኼኛው አይታይም።"

"ጓድ፣ ታሪኩ ይቆረጣል እኮ።"

"አራተኛው ሲያልቅ መብራት አብራ። የቀረውን ለእኔ ተወው።"

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተሰልፈው መጡ። ኃላፊያቸው ሲስተር ብርሃኔ ከኋላ ተቀመጡ። ከፊት ጫልቱ የምትባል የጉደር ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ነበረች። ሦስቱን ከተማው ያውቃቸዋል፤ በጸሎት ሰዓት ገበያ ወጥተው ሲስተር ብርሃኔ እየነዱ ሲመልሷቸው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፊልሙ ላይ አጥር ሲዘለል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ልጆቹ ሁሉ ወደነሱ ጣታቸውን ቀሰሩ።

አራተኛው አለቀ። መብራት አበራሁ። ጓድ መርዕድ መድረክ ላይ ወጣ።

"ፊልሙ እዚህ ላይ አብቅቷል። መነኮሳት ወጣቱን እንዴት እንደሚጨቁኑ አይታችኋል። አሁን ደግሞ የራሳችሁን ትናገራላችሁ።"

ጫልቱ እጇን አወጣች። "ጓድ፣ አላለቀም። ዘ ኤንድ የሚለው ጽሑፍ አልወጣም።"

የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ጓድ መርዕድ ወደ እኔ ጮኸ፦ "ኦፕሬተር! አልቋል አይደለም እንዴ?"

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ያኔ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይታሰራል። "አንድ ጥቅል ይቀራል፣ ጓድ" አልኩ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። በዚያ ጭብጨባ መሀል እምቢ ማለት አልሆነለትም። ሰካሁት። መነኩሲቷ ስትሟገት አንዳንዶቹ ልጆች ወደ ኋላ ዞረው ሲስተር ብርሃኔን አዩ።

ሲወጡ ጓድ መርዕድ ጫልቱን በር ላይ አስቆማት። "አንቺ ቢሮ ትሄጃለሽ።"

ሲስተር ብርሃኔ መሀል ገቡ። "ተማሪዬ ናት። የምትጠየቅ ከሆነ አብሬያት እጠየቃለሁ።"

"ሲስተር፣ ይቺ ልጅ እርስዎንስ መች አስቀመጠችዎት?"

"አላስቀመጠችኝም። ነይ ጫልቱ፣ እንሂድ።"

እጇን ይዘው ሄዱ። ሁለቱ ጓደኞቿ ቢሮው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሊመሽ ሲል ሲስተር ብርሃኔና ጫልቱ ተለቀቁ፤ አራቱም አብረው በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ወጡ።

እኔን ከአምቦ አንስተው ሸነን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ላኩኝ። እዚያ ሲኒማ የለም፤ መጋዘን ጠባቂ ሆንኩ። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ማሽን አልነካሁም። ባለቤቴ "ዝም ብትል ምን ነበረበት?" እያለች ስትቆጣኝ ኖረች። አልፈረድኩባትም።

ለወጣት ኦፕሬተሮች የምለው ይህን ነው፦ ተመልካች ፊልሙ አልቋል ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ ያለውን ንገሩት። ዋጋ ያስከፍላል። እኔን የምወደውን ሥራ አስከፍሎኛል። ዛሬም ብጠየቅ መልሴ ያው ነው።