በበቆሎ ጠባሿና በባለሱቁ መሃል

ትናንት ጦር ኃይሎች አካባቢ የሚቆፍር እስካቫተር የኢንተርኔት መስመር በጠሰ። ልጄ ያፈጠጠችበት ቪዲዮ ቀጥ አለ። "እማዬ፣ ሄደ!" ብላ ሳትጨርስ መልሶ ቀጠለ። "በየት ዞሮ መጣ?" አለችኝ። እንጀራዬ የኢንተርኔት መስመር ሥራ ስለሆነ እኔን መጠየቋ አይፈረድባትም። እኔ ግን ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ወደ አንድ ክረምት ሄዷል።

የመመረቂያ ሥራችን ነበር። እኔና የክፍሌ ልጅ ሙሉነህ የአንድ ትልቅ ኢንተርኔት አቅራቢን መረብ ኮምፒውተር ላይ አስመስለን ሠርተን፣ አንዱ መስመር ሲቆረጥ መልእክቱ በሌላ መንገድ ዞሮ እንደሚደርስ ማሳየት ነበረብን። ደርሶ ቢሆንማ! መስመሩን ስንቆርጠው መልእክቱ በሁለት ራውተሮች፣ መንገድ በሚመሩት ማሽኖች፣ መሃል ሲመላለስ ይውላል። ለመምህራችን የምናሳየው በማግስቱ ነው። ካልሠራ ምርቃት የለም፤ እማዬ ደግሞ የምርቃቱን ጠላ ጠምቃ ጨርሳለች። "ጠላ አይጠብቅም ልጄ፣ ይቆመጥጣል" ትለኛለች።

በዚያ ላይ እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ፣ መብራት ጠፋ። ዓለም ባንክ ሰፈር አዲስ ቤት የሠሩት የሙሉነህ አክስት ዘንድ መብራት አለ ተባለ። ኮምፒውተሩን በአባቴ ጋቢ ጠቅልለን፣ ላዩን ላስቲክ አልብሰን ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ "ልጁ ተኝቷል?" እያለ ሲቀልድብን ሄደ።

አክስቱ ያሉት "ከፌርማታው ወርዳችሁ ጠይቁ" ብቻ ነው። ወረድን። ያካፋል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ባለሱቁን ጠየቅነው።

"በበቆሎ ጠባሿ በኩል ነው፤ እሷ ጋ ሂዱ" አለን።

ሄድን። ጃንጥላ ሥር ከሰሏን ታራግባለች፤ የእሸቱ ሽታ ምሳ አለመብላታችንን አስታወሰን። "ውይ፣ እዚህ ጋ ያለው መንገድ ዛሬ ተቆፈረ" አለች። "ባለሱቁን ጠይቁት። ሰዉን ሁሉ የሚመራው እሱ ነው፣ ሌላ መንገድ አያጣም።"

ተመለስን። ባለሱቁ ተቆጣ። "በሷ በኩል ነው አልኳችሁ እኮ! ጠዋት ራሷ ናት የነገረችኝ!"

እንደገና ወደሷ ስንዞር ሙሉነህ "አንቺ፣ እጄ ሊገነጠል ነው" ይላል። እኔ ጭቃው መሃል ቀጥ አልኩ።

"ሙሌ፣ እነዚህ የኛ ራውተሮች አይደሉም እንዴ? እሱ የሚያውቀው ከሷ የሰማውን ነው፤ እሷ ደግሞ እሱን አምናለች።"

"ወይ ጉድ!" ብሎ ሲስቅ ኮምፒውተሩን ሊጥለው ነበር።

ሁለቱም ክፋት አልነበረባቸውም። መንገድ የጠየቀንን ሰው "አላውቅም" ብሎ መሸኘት እኛ ዘንድ ነውር ነው። የማያውቅ እንኳ እጁን ወደ አንድ ወገን ሳይዘረጋ አይሸኝህም።

ያዳነን ድንጋይ የሚያራግፍ የቀን ሠራተኛ ነው። "ቤቱን አላውቀውም፣ ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ" አለን። "በዚህ በኩል ግን አትድከሙ፤ እስከ ታች ድረስ ተቆፍሯል።" ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ትተን በላይኛው በኩል ዞርን፤ አክስቱን በራቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው።

ሽሮ ቀርቦልን እየበላን ፕሮግራሙን አስተካከልነው። ራውተሩ ከጎረቤቱ የሰማውን መንገድ ለዚያው ጎረቤት መልሶ እንዳያወራ፣ መስመሩ ሲቆረጥም "በእኔ በኩል የለም" ብሎ ወዲያው እንዲናገር አደረግን። ከዚያ መስመሩን ቆረጥኩት። መልእክቱ ዞሮ ደረሰ! እልል አልኩ። አክስቱም የነገሩን ምንነት ሳያውቁ አብረውኝ እልል አሉ። ጠላውም ሳይቆመጥጥ ተጠጣ።

ከተማችን ዛሬም ትቆፈራለች፣ መስመሩም ይበጠሳል። ነገር ግን በየቦታው ያሉት ማሽኖች በእነሱ በኩል መንገድ ሲጠፋ ሳያፍሩ ይናገራሉ፤ ሌላ መንገድም ይገኛል። እኛም ሳናፍር መናገሩን ቀስ በቀስ እንለምደዋለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

"እማዬ! በየት ዞሮ መጣ?" አለች ልጄ እንደገና።

"አላውቅም" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

"ይሄ ያኮራል እንዴ?"

"በጣም እንጂ!"